ቀዩ ሞተርና የኦቦ ዳባ ቀፎዎች

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከልጄ ከሐዊ ጋር አምቦ መናኸሪያ የግንጪ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ ነበር። ግርማ እባላለሁ፤ አምቦ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር፤ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለው የንግድ ፈቃዱ እስከ ዛሬ ከተማዋን «ሀገረ ሕይወት» እያለ ይጠራታል። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን ትምህርቴን የተማርኩት እዚያው መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነው። የዚያን ቀን ግን የወጣሁት ለመሸጥ አልነበረም። በዕድሜዬ ነድቼው የማላውቀውን ባለ አራት ጎማ ሞተር ልገዛ ነው።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ምክንያት ነው። ኦቦ ዳባ የባለቤቴ የጫልቱ አባት ናቸው፤ ከሸነን ወዲያ፣ ጅባት ጫካ ዳር ተወልደው፣ ጫካው ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው። ከሦስት ዓመት በፊት ቀፎ ሊሰቅሉ ከወጡበት ዛፍ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለሕክምና አምቦ መጡ፤ በዚያው እኛ ቤት ቀሩ። በምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ ሱቁ ደጃፍ ይደርሳሉ፤ ከዚያ አያልፉም። በቅሎ እንዳይቀመጡ እግራቸው ለኮርቻ አይከፈትም። መኪና ደግሞ እስከ ጫካው አፍ እንጂ ቀፎዎቹ እስካሉበት አይገባም። ዘመዶቻቸው በቃሬዛ እንሸከምዎት ቢሏቸው «በቃሬዛ የምሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሱም አልቸኩልም» ብለው መለሷቸው።

በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ኦቦ ዳባ ዝም ይላሉ። ዘንድሮ ግን ተናገሩ። ቀፎዎቹን የሚጠብቅላቸውን የወንድማቸውን ልጅ ጉታን በስልክ አስጠርተው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እሳቸው ካልመጡ አሥራ አንዱንም ቀፎ ለዘመድ እንዲያከፋፍል ነገሩት። ሄጄ የማላየውን ቀፎ የኔ ነው አልልም አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ጫልቱ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ስለ ሽንኩርቱ ኃይለኛነት ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

መላውን ያመጣችው ሐዊ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ስልኳ ላይ የሆነ አገር ቤተሰብ እናት፣ አባት፣ ልጅ ሆኖ በባለ አራት ጎማ ሞተር ጭቃና ድንጋይ ሲሻገር አይታ አሳየችን። አካኮን፣ አያቷን ማለቷ ነው፣ በዚህ እንውሰዳቸው፤ ከዚያ በኋላም በየእረፍቱ ሁላችንም እንሄድበታለን አለች። በደብተሯ ላይ የምንጠይቀውን ጻፈች፦ ስንት ሰው ይጭናል፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ጎማው ሲበሳ ከየት ይገኛል። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያልተለየኝ። ሰውየው ለምን ይሸጠዋል?

ግንጪ፣ ረፋድ

ለአንድ ሰው ስልሳ ብር ከፍለን በአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ሄድን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቆሟል። የዚያ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ጫማ ይወስዳል። ግንጪ ወርደን ሻይ በአሥር አሥር ብር ጠጣንና ወደ ሰውየው ቤት ሄድን። ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ፤ ለጭልሞ ጫካ ችግኝ ሲያመላልሱበት የነበረ አንድ ሰማያዊ ሞተር አላቸው።

ለምን እንደሚሸጡት ስጠይቃቸው መልሳቸው አስደነገጠኝ፤ እውነቱን ነገሩኝ። ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ዳገት አይወጣም አሉ። ንግድ ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ዕቃው እንዲህ የሚናገር ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ አላመንኳቸውም፤ ካላየሁ አልኩ። ሳቁና ከኋላቸው አስቀምጠውኝ ወደ ጭልሞ ይዘውኝ ወጡ። ሐዊ ከሴት ልጃቸው ጋር ቀረች።

ጭልሞን ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከሩቅ ጥቁር ሰንበር ነው፤ ዝናብ የሚመጣበት አቅጣጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውስጡ ስገባ ግን ብርሃኑ በአንዴ ተለወጠ። ጥዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ አይታይም፤ ከሥሩ ወይራው ሸብቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር አንጠልጥሎ ቆሟል። ሁለት ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን ጥለው ቁልቁል አዩን። ልማዴ ነው፣ እንጨት ሳይ ስንት ሜትር ጣውላ እንደሚወጣው እገምታለሁ። አንዱ ዝግባ ሥር ስንደርስ ጀመርኩና ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብሎ እንደ መነጋገር ሆኖ ተሰማኝ።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሳ። ኦቦ ለሜሳ ተረጋግተው «ውረድ» አሉኝ፤ እኔ ግን ቀድሜ ወርጄ ነበር፣ በጀርባዬ። እየሳቁ አነሱኝ። ከዚያ ደላላ ቢያገኘው የሚያስከፍልበትን ምክር በነፃ ሰጡኝ። ለቤተሰብ ከሆነ ፍጥነቱን አትይ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትይዝ ራሱን የሚይዝ፣ ከባዱ ማርሽ ያለው፣ ወገቡ ሰፋ ያለ ፈልግ፤ ከኋላው የብረት መጫኛ ይኑረው አሉኝ። በቀለም እንዳልታለልም አስጠነቀቁኝ። ቀለም ሻጭ መሆኔን አልነገርኳቸውም።

ጉደር፣ የገበያ ቀን

ከአራት ቀን በኋላ ጉደር ሁለት ሞተር የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ኦቦ ዳባ ካልሄድኩ አሉ። ገዥ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ዋጋ ይጨምርበታል ብዬ ላስቀራቸው ብሞክር፣ ጫልቱ ኮታቸውን አልብሳ ባጃጅ ውስጥ አስቀምጣቸው አገኘኋት። ሦስታችን ሄድን። ጉደር ቅቤው የተንጣለለበት ጨጨብሳ በላን፤ ሰማንያ ብር ሲሉኝ ለሁለት ሰሃን መስሎኝ ነበር፣ ለአንዱ ኖሯል።

ሻጩ ኦቦ ቶሌራ ድንጋይ ያስወጡ የነበሩ፣ ሥራውን የተዉ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ከከብት ገበያው ጀርባ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አረንጓዴው እንደ ትንሽ መኪና ነው፤ መሪ አለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ወንበር አለው፣ ከኋላው ጭነት የሚይዝ ሣጥን አለው። ቀለሙ ተልጦ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ሆኗል። ሳየው ልቤ ደነገጠ። ኦቦ ዳባ እግራቸውን ሳይከፍቱ እንደ ጌታ የሚቀመጡበት ይኸው ነው። ቀዩ ደግሞ አንጸባራቂ፣ ወገቡ ሰፊ፣ ግን እንደ ፈረስ እግር አንፈራጦ የሚቀመጡበት ነው፤ ከኋላው የብረት መጫኛ አለው። ለሳቸው የማይሆን ነገር።

ኦቦ ዳባ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሁለቱንም አስነስተው እንዲያጠፉላቸው። ኦቦ ቶሌራ ቀዩን አስነሡ፣ ቁልፉን መለሱ፤ ሞተሩ እዚያው ላይ ጸጥ አለ። አረንጓዴውን አስነሥተው ሲያጠፉት ግን ሁለት ሦስቴ አስነጠሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ የሆነ ነገር አጉረመረመና ነው የተወው። ሽማግሌው «እስቲ እንደገና» አሉ። እንደገና ተደረገ። እኔ የሽማግሌ ጨዋታ መሰለኝ። ሞተር ሲነሣ እንጂ ሲጠፋ ማን ያያል? ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ሊብሬውን አየሁ። ሊብሬው ላይ የአረንጓዴው ዓይነት በሚለው ቦታ «ሌላ» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን የኔን አሠራር ልንገራችሁ። የምፈልገውን ዕቃ አላየውም። ጀርባዬን ሰጥቼው የማልፈልገውን አደንቃለሁ፣ ለሱ የማይሆን ዋጋ እጠራለሁ፣ ሻጩ ሲቆጣ «እንግዲያው በዚያ ዋጋ ያንን አሮጌውን ስጠኝ» እላለሁ። ቆርቆሮ የማስመጣው በዚህ ነው፤ ቤቴንም የገዛሁት በዚህ ነው። ስለዚህ ወደ ቀዩ ሄጄ ኮርቻውን ደባበስኩ፣ የሰንጋ ያህል አሞገስኩት። ኦቦ ቶሌራ አራት መቶ ሠላሳ ሺህ አሉ። እኔ ከበሩ እንደሚያስወጡኝ እርግጠኛ ሆኜ ሦስት መቶ አርባ አልኩ።

ኦቦ ቶሌራ መሬት መሬት አዩ። «ይሁን» አሉ።

ደላላው፣ ከከብት ገበያው ተከትሎን የመጣ ቀጭን ሰው፣ የቀኝ እጄን ይዞ ከኦቦ ቶሌራ እጅ ጋር አገጣጠመው። እጄን ልስብ ስል የሞቀ፣ ሸካራ መዳፍ ከላይ አረፈበት። ኦቦ ዳባ ከዱካቸው ተነሥተው ነበር። እኚህ ሰው ከወንበር ለመነሣት ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይጠሩ ነበር።

«ሻጭም ይባረክ፣ ገዥም ይባረክ። ብረቱ ደም አያፍስስ። መንገዱ ይቅናው» አሉ።

አለቀ። ደላላው አሜን አለ፣ አጥር ላይ የተደገፉት አሜን አሉ። እጅ ተመትቶ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ ከዚያ «እየቀለድኩ ነበር» የሚል ሰው በጉደር ገበያ ዳግመኛ በግ እንኳ አይሸጡለትም። ለኔ ደግሞ ከበግ የከበደ ነገር ነበረው። ጫልቱን ልጠይቅ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ኦቦ ዳባ ሰባት ወር አመላልሰውኛል፤ የከተማ ነጋዴ ቃሉን እንደ ዕቃ ይመልሳል ብለው ፈርተው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። አሁን እጃቸው ከእጄ ላይ ነው። ገንዘቡን አስተላለፍኩ።

ቀዩን በጭነት መኪና አስጭነን በባጃጅ ስንመለስ ጫልቱ ጎኔን ነካች። «አንተ፣ ምን ሆነሃል? ልትመልሰው ነው?»

«ምን ልመልስ?»

«እንጃ። የሱቅህ በር ላይ ‘የተሸጠ ዕቃ አይመለስም’ የሚል ሰሌዳ አለ ልልህ ነው።»

ኦቦ ዳባ በመስኮቱ ውጭ ውጭ ያዩ ነበር።

ከአምቦ ወደ ሸነን

እግራቸው የማይከፈት ሰው እንዴት ይቀመጥበታል? መልሱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ምርኩዛቸውን በቀዩ ሞተር መጫኛ ላይ አጋድመው ለኩ፣ ከዚያ ብየዳ ቤት ውሰደኝ አሉ። ወንበር አስበየዱ፤ የእጅ መደገፊያና ቀበቶ ያለው፣ የእግር ማሳረፊያ ያለው፣ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ። ብየዳ ሠሪው ወደ ፊት ቢሆን ይሻላል ቢላቸው አይሆንም አሉ። ክብደቱ እንዲመጣጠን ነው ብለን ተረዳን። ሞተሩን በዝግታ እየነዳን ሜዳ ላይ ስንሞክረው ወንበሩ አልተነቃነቀም።

የሚነዳው ማን ነው የሚለውም በዚያው ሳምንት ተወሰነ። እኔ ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ቀን ራሴ የደረደርኩት የቆርቆሮ ክምር ውስጥ ገባሁ። ጫልቱ ልጅ ሆና በጅባት ቁልቁለት ያለ ኮርቻ ፈረስ የጋለበች ሴት ናት። ተቀመጠችበት፣ አንድ ዙር ዞረች፣ ሁለተኛውን ዙር በጉልበቷ እያዘዘችው ዞረች። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን አልጠየቅሁም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ጠይቀን፣ በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ተነሣን። ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጫንን። ባዶ ቦታ ሲተርፍ ዝም ብሎ ማየት ስለማልችል አርባ ቆርቆሮና ስድስት ካርቶን ሚስማር አስከተልኩ። ጫልቱ አየችኝ፤ ሸነን ላይ ቤት የሚሠራ አይጠፋም አልኳት። ኦቦ ዳባ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ጉደርን አልፈን፣ አስፋልቱን ትተን ወደ ጥቁር እንጭኒ ታጠፍን። ኬላው ላይ ጠባቂው ሊብሬውን ገልብጦ አየና ይሄ ሞተር ሳይክል ነው ትራክተር ብሎ ጠየቀ። ቀዩ ላይም የተጻፈው «ሌላ» ነው። ሐዊ የአካኮ ወንበር ነው አለችው። ወንበሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ገመዱን አወረደልን።

ከእንጭኒ በኋላ አገሩ አረንጓዴ ሆነ። የጤፉ ቢጫ ቀርቶ በየደጁ እንሰት ቆሟል፤ ቅጠሉ ጧት በዘነበው እያብለጨለጨ። አየሩ ቀዘቀዘ። በአንድ ቤት ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን፤ ሴትዮዋ ኦቦ ዳባን ሲያዩ ትሪውን አስቀምጠው እጃቸውን ሳሙ። ሂሳብ ስጠይቅ የተቆጡት እኔን ነው። እዚህ አገር እኔ «የጫልቱ ባል» ነኝ፤ ሌላ ስም የለኝም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሸነን ገባን፤ ጉታ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ቆርቆሮውን ሳይመሽ ሸጥኩት።

ጅባት ጫካ፣ ዓርብ ጧት

አይሱዙው ጫካው አፍ ላይ አወረደን። ከዚህ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይሄደዋል። ኦቦ ዳባን ወንበሩ ላይ አስቀምጠን በቀበቶ አሰርናቸው። ጫልቱ ከፊት፤ ጉታና ሐዊ ከእሷ ቀድመው ድንጋይ እያነሡ። እኔ ከኋላ፣ ወንበሩ ከተነቃነቀ እንድይዝ።

አሁን አስቡት። እሳቸው ፊታቸው ወደ ኋላ ነው። እኔ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሞተሩ በሰው እርምጃ ይሄዳል። እኔና አማቴ ከተዋወቅን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ በጎን እንተያያለን፣ በሬዲዮ ዜና ላይ እንስማማለን። ፊት ለፊት ግን እንዲህ ተያይተን አናውቅም፣ ያውም ለሁለት ሰዓት፣ በሁለት ክንድ ርቀት።

ጫካው በዝግታ ዋጠን። ጭልሞ ግርማ ነበረው፤ ይሄ ሌላ ነው። ግንዱ በሽበትና በአረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኗል፤ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ሳይታይ በየሥሩ ይንቆረቆራል። ኮሶው ቀይ አበባውን አንዘርፍፏል። አንድ ቦታ ቀርከሃው መንገዱን እንደ አዳራሽ አልብሶት በአረንጓዴ ብርሃን ውስጥ አለፍን፤ የጫልቱ ቀይ ሻሽ፣ ቀዩ ሞተር፣ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ። ጉም በግንዶቹ መካከል ይሄዳል፣ እንደሚያውቀው ቤት። ለኔ ይሄ ብርቅ ነው።

ቁልቁለት ላይ ኦቦ ዳባ ሳይዞሩ «ሱታ፣ ጫልቱ፣ ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ ማለታቸው ነው። ጅረቱ ላይ የፊት ጎማው ተንሸራተተ። ወንበሩ ወደ ግራ አጋደለ፤ ዘልዬ ያዝኩት። ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው። የሽማግሌው ፊት ከፊቴ አጠገብ ደረሰ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ጫልቱ ወደ ኋላ ሳታይ ከባዱን ማርሽ አስገባች፣ ጉልበቷን አጠበቀች፤ አራቱም ጎማ አፈሩን ነክሶ ወጣ። ኦቦ ለሜሳ ጭልሞ ላይ የነገሩኝ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከጅረቱ በኋላ እስከዚያ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ጉደር ላይ አረንጓዴውን እንደፈለግሁ አላወቁም ነበር?»

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«ጀርባህን ስትሰጠው። ሦስት ዓመት ደጃፍህ ላይ ተቀምጬ ስትገበያይ አይሃለሁ። የምትፈልገውን ዕቃ ዓይንህ አይነካውም።»

«ታዲያ ለምን እጅዎን ጫኑበት?»

«ያኛው ጠፍቶም ያወራል» አሉ። «ንብ የሚያወራ ነገር አትወድም። አንተን ደግሞ ብነግርህ ለሁለት ቀን ትከራከረኛለህ። እጅህ ሲመታ ግን ዝም ትላለህ።» «በርካሽም አስገዛሁህ» ብለው ጨመሩ።

ሃያ ዓመት ነግጄ፣ በአማቴ እጅ ተሸጥኩ።

ቀፎዎቹ ዘንድ

ጉታ እጁን አነሣ፤ ደርሰናል ማለቱ ነው። ኦቦ ዳባ የልጃቸውን ጀርባ በምርኩዛቸው ነካ አደረጉ። «ጨሊሲ» አሉ፤ ጸጥ አድርጊው። ጫልቱ ቁልፉን መለሰች። ሞተሩ እዚያው ላይ ዝም አለ።

ከሱ በኋላ የመጣውን ጸጥታ ልነግራችሁ አልችልም። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ውኃው። ቀጥሎ አንድ ወፍ። ከዚያ፣ ከሁሉም ሥር፣ ከላይ የሚወርድ ይሁን ከመሬት የሚወጣ የማይለይ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ቀና ብዬ ስፈልግ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ፣ ሰው እንዴት እንደወጣበት በማይታሰብ ከፍታ፣ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሐዊ እጄን ያዘች፤ ትንሽ ልጅ ከነበረች ወዲህ ይዛኝ አታውቅም።

ኦቦ ዳባ ቀበቶውን አስፈቱና ልውረድ አሉ። በኔ ትከሻ ላይ ተደግፈው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዱ፤ ከመኝታ ቤት እስከ ሱቁ ደጃፍ ያለው ርቀት መሆኑን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ምርኩዙን ለኔ ሰጡኝና ሁለት እጃቸውን ግንዱ ላይ አኖሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ጉታ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ጫልቱ በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ። ሦስተኛው ባዶ ነው፣ ሰባተኛው ደክሟል፣ ሌሎቹ ደኅና ናቸው ነው ያሉት። ጉታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሦስተኛው ቀፎ ባዶ መሆኑን እሱ ያወቀው በዚያው ሳምንት ወጥቶ አይቶ ነው፤ ለማንም አልተናገረም።

«የሚከፋፈል ቀፎ የለም» አሉት። «ከርሞ እመጣለሁ።»

ጫልቱ ፊቷን አዞረች። ዙሪያውን ሽንኩርት አልነበረም፤ ምክንያትም አልሰጠችኝም።

ማር የሚቆረጠው በሌላ ቀን ስለሆነ ቁራሽ ሰፈፍ እንኳ ሳንነካ ቆየን። ያመጣነውን ጭኮ በላን፤ ገብሱና ቅቤው በብርድ ጠጥሮ ነበር። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

መመለስ

ስንነሣ ጫልቱ ሞተሩን አስነሣች፤ በአንዴ ተነሣ። ኦቦ ዳባን አስቀምጠን አሰርናቸው። እንደ አመጣጣችን እኔ ከኋላ ቆምኩ፣ ወንበሩን ልጠብቅ። ትንሽ እንደሄድን ሽማግሌው ተቁነጠነጡ። ቀበቶው ጠብቆ ይሆን ብዬ ቀረብኩ።

«ግርማ» አሉ፣ «ከፊት ሂድልኝ።»

አልገባኝም። ዓይናቸውን ተከትዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ዛፉ እዚያ ነበር፤ ጉሙ ከሥሩ እየወጣ፣ ቀፎዎቹ ከላይ ተጋድመው። ብየዳ ቤት ውስጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ይዙር ያሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሲገቡ የሚያዩት እኔን ነው፤ ያንን ችለው መጥተዋል። ሲወጡ ግን ጫካው እስኪያልቅ ድረስ ጫካውን ያያሉ።

ወንበሩን ለጉታ ሰጥቼ ቀድሜያቸው ሄድኩ። እስከ አይሱዙው ድረስ ወደ ኋላ አላየሁም፤ «ሱታ» ሲሉ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ጫልቱን ሲመጡ ካሏት በበለጠ ደጋግመው ይሏት ነበር።

ቅዳሜ ማታ አምቦ ገባን። አሁን ቀዩ ሞተር ከሱቁ ጀርባ ቆሟል፤ በየሁለት ሳምንቱ ጫልቱና ሐዊ ይወጡበታል፤ እኔ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ዞሬ እቀመጣለሁ፣ ማየትም ለመድኩ። ሰዎች ለቤተሰብ የሚሆን ምን ዓይነት ልግዛ እያሉ ይጠይቁኛል። ጎማውን እዩ፣ ከባድ ማርሽ ያለው ምረጡ፣ ከሁሉ የሚደክመውን ሰው ይዛችሁ ሂዱና እሱ ይምረጥ እላቸዋለሁ። ከዚያ አስነሥታችሁ አጥፉት፤ ካጠፋችሁት በኋላ የምትሰሙትን ስሙ።

አንዱ በቀደም መጥቶ ቀዩን በዋጋው ሁለት እጥፍ ልግዛው አለኝ። ኦቦ ዳባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከልማዴ የተነሣ ለሰውየው ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ ነገር ማድነቅ ጀምሬ ነበር። ሽማግሌው በምርኩዛቸው በሩ ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ አንኳኩት።